ከቦቢን ጫፍ የተንጠለጠለ ዶቃ፦ ስለ እንግሊዝ ምሥራቅ ሚድላንድስ ዳንቴል ሠሪዎች መሣሪያ

በእንግሊዝ አገር በቤድፎርድ፣ በሉተንና በኦልኒ ቤተ መዘክሮች በተቀመጡት የዳንቴል ስብስቦች ውስጥ፣ ጎብኚው ዓይኑን ወደ ነጩ ጥበብ ስለሚወረውር ሳያስተውለው የሚያልፈው አንድ ትንሽ መሣሪያ አለ። ርዝመቱ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ውፍረቱ ከእርሳስ አይበልጥም፤ ከአጥንት ወይም ከእንጨት በቶርኖ የተቀረጸ ነው። በላይኛው ጫፉ ክር የሚጠመጠምበት ቀጭን አንገትና ክሩ እንዳይፈታ የሚይዝ ራስ አለው። በታችኛው ጫፉ ደግሞ በጠባብ ቀዳዳ ሽቦ አልፎ፣ በሽቦው ላይ ሰባት፣ ስምንት ወይም ዘጠኝ የብርጭቆ ዶቃዎች ተሰክተው እንደ ቀለበት ተዘግተዋል። የሙያው ሰዎች መሣሪያውን «ቦቢን»፣ የዶቃውን ቀለበት «ስፓንግል» ይሉታል፤ በቡኪንግሃምሺር መንደሮች ደግሞ ሲነካ ከሚያሰማው ድምፅ የተነሣ «ጂንግል» የሚል ስም ነበረው። በዚህ ጥናት የምንመረምረው ይህንን የዶቃ ቀለበት ነው፤ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዳንቴል የሚለው ቃል ከፈረንሳይኛ ወደ አማርኛ ገብቶ በአገራችን በኪሮሽ የሚሠራውን የእጅ ሥራ ስለ ሰየመ፣ አስቀድመን አንድ ልዩነት ማመልከት ይገባናል። እዚህ የምንናገርለት ዳንቴል ኪሮሽ አይነካውም። ሠሪዋ ገለባ ታጭቆበት በጠነከረ ትራስ ላይ ንድፉ በነጥብ በነጥብ የተወጋበትን ብራና ትዘረጋለች፤ በየነጥቡ እስፒል እየተከለች፣ ከቦቢኖቹ የሚወጡትን ክሮች ጥንድ ጥንድ አድርጋ እያሻገረችና እየጠመዘዘች በእስፒሎቹ ዙሪያ ታስተሳስራቸዋለች። ቦቢኑ፣ የሸማኔ ቀሰም ድሩን ሳይሆን ማጉን ተሸክሞ እንደሚመላለስ፣ የራሱን ክር ተሸክሞ ይመላለሳል፤ ነገር ግን ቀሰም በመወርወሪያው ውስጥ ብቻውን ሲጓዝ፣ እዚህ ለጠባቡ ጠርዝ በደርዘን የሚቆጠሩ፣ ለሰፊው ደግሞ በመቶ የሚቆጠሩ ቦቢኖች በአንድ ትራስ ላይ ይሰለፋሉ። በአውሮፓ ምድር በቬኒስም፣ በፍላንደርስም፣ በኖርማንዲም ቦቢን ነበር። በጫፉ የዶቃ ቀለበት ማንጠልጠል የአካባቢ ሕግ እስኪመስል ድረስ ሥር የሰደደው ግን በቤድፎርድሺር፣ በቡኪንግሃምሺርና በኖርዝሃምፕተንሺር መንደሮች ነው። ለምን እዚያ?

ለዚህ ጥያቄ የምናቆማቸው ምስክሮች እኩል ክብደት የላቸውም። ወይዘሮ ቤሪ ፓሊሰር በ1865 ያሳተሙት የዳንቴል ታሪክ የነገሥታትን ልብስና የቤተ መንግሥትን የወጪ መዝገብ በትጋት የሚከታተል ትልቅ ሥራ ነው፤ የሠሪዋን እጅና በእጇ ያለውን መሣሪያ ግን ከሩቅ ነው የሚያየው። ቶማስ ራይት በ1919 በኦልኒ የታተመው መጽሐፋቸው በተቃራኒው ከትራሱ አጠገብ ተቀምጦ የተጻፈ ነው። የከተማዋ ነዋሪ ነበሩና የመጨረሻዎቹን አሮጊት ሠሪዎች በአካል ያውቁ ነበር፤ የሰሙትንም ተረት፣ ዘፈንና የቦቢን ስም ሰብስበው አቆዩልን። ሆኖም ራይት ተረትን የሚወድ ሰው ነበሩ፤ በሰነድ የተረጋገጠውንና በእሳት ዳር የተነገረውን በአንድ ድምፅ ነው የሚተርኩት። ቻርልስ ፍሪማን በ1958 ለሉተን ቤተ መዘክር ያዘጋጁት ጥናት ይህን ያጠራል፤ ክርስቲንና ዴቪድ ስፕሪንጌት ደግሞ በ1981 ባሳተሙት ሥራ የ19ኛውን ክፍለ ዘመን ቦቢኖች ከቅርጻቸውና ከፊደላቸው አንጻር መድበው ቀራጮቹን በየስማቸው ለይተዋል። ከእነዚህ ሁሉ በላይ ግን ዕቃው ራሱ ምስክር ነው፤ እንደምናየው ግን ዕቃውም ቢሆን በጥንቃቄ ካልተጠየቀ ያሳስታል።

ከመነሻው እንጀምር። በቦቢን የሚሠራ ዳንቴል በ16ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ በጣሊያንና በፍላንደርስ ብቅ ያለ ጥበብ ነው። «ለ ፖምፔ» የተባለው የንድፍ መጽሐፍ በቬኒስ የታተመው በ1557 ነው፤ በ1561 በዙሪክ የታተመው ሌላ የንድፍ መጽሐፍ ደግሞ ጥበቡ ወደዚያች ከተማ የገባው ከሃያ አምስት ዓመት በፊት፣ ማለትም በ1536 ገደማ፣ ከቬኒስና ከጣሊያን በመጡ ነጋዴዎች መሆኑን ይናገራል። ይህን ቀን በልባችን እንያዝ፤ ምክንያቱም የሚድላንድስ ትውፊት ከእርሱ ጋር ይጋጫል።

ትውፊቱ የሥራውን መጀመሪያ ለአራጎኗ ካትሪን ይሰጣል። የሄንሪ 8ኛ የመጀመሪያ ሚስት የነበሩት እኚህ ንግሥት ንጉሡ ከቤታቸው ካራቋቸው በኋላ በ1530ዎቹ መጀመሪያ በቤድፎርድሺር በአምፕትል መቀመጣቸው እውነት ነው። በአካባቢው የሚነገረው ግን ከዚህ ያልፋል፤ ንግሥቲቱ የመንደሩን ሴቶች ዳንቴል አስተማሩ፣ ገበያ በቀዘቀዘ ጊዜም የራሳቸውን ዳንቴል አቃጥለው ሠሪዎቹ ሥራ እንዲያገኙ አዲስ አዘዙ ይባላል። ሠሪዎቹም እስከ ቅርብ ዘመን ድረስ በየዓመቱ ኖቬምበር 25 ቀን በዓል ያደርጉ፣ ልዩ ቂጣ ይጋግሩ ነበር። ነገር ግን በአውሮፓ እምብርት ባለችው በዙሪክ እንኳ ከ1536 ገደማ በፊት ያልታወቀ ጥበብ፣ ከግዞት ቤት ባልተለዩ ንግሥት አማካይነት ከዚያ ቀደም ብሎ በእንግሊዝ ገጠር ተስፋፋ ማለት የሚያስቸግር ነው። የተባለው ቀንም በመላው ምዕራብ አውሮፓ የፈታዮች ጠባቂ ተደርጋ የምትከበረው የእስክንድርያዋ ቅድስት ካትሪን ዕለት ነው። ስለዚህ ቅድስቲቱና ንግሥቲቱ በአንድ ስም ምክንያት በሕዝቡ ትዝታ ተዋሕደዋል የሚለውን ፍርድ እንቀበላለን።

ሁለተኛው ትረካ ጥበቡን ያመጡት የአልባ መስፍን በ1567 ወደ ኔዘርላንድስ ሲዘምት የሸሹት የፍላንደርስ ፕሮቴስታንቶች ናቸው ይላል። ይህ ከዘመኑ ጋር የሚስማማና ክብደት ያለው ነው፤ ሆኖም ስደተኞቹ ብቻቸውን ሥራውን በየጎጆው አላስገቡትም። በ1596 በቤድፎርድሺር የኢተን ሶከን ደብር የድሆች አሳዳሪዎች የድሃ ልጆችን «የአጥንት ዳንቴል» እንድታስተምር አንዲት ሴት ቀጥረዋል፤ በ1620ዎቹ ደግሞ ሰር ዊልያም ቦርሌዝ በማርሎ ባቆሙት የበጎ አድራጎት ትምህርት ቤት ሃያ አራት ሴት ልጆች መፍተልን፣ ሹራብንና የአጥንት ዳንቴልን እንዲማሩ ተደንግጓል። ጥበቡን መንደር ውስጥ ያሰረጸው፣ ከስደተኛው ያላነሰ፣ የድሆችን ቀለብ መክፈል የከበደው የደብር አስተዳደር ነው ብለን እንፈርዳለን። ይህ ፍርድ ለዶቃው ጥያቄ ሩቅ ቢመስልም ሩቅ አይደለም፤ መሣሪያው ከመጀመሪያው የድሃ መሣሪያ ነበረና።

«የአጥንት ዳንቴል» የሚለው ስም ራሱ ተመራማሪዎችን ሲያከራክር ኖሯል። አንዳንዶች ስሙ ከአጥንት ቦቢን መጣ ይላሉ፤ ሌሎች ደግሞ የናስ እስፒል ውድ በነበረበት ዘመን በምትኩ ከተተከሉት ቀጫጭን አጥንቶች ነው ይላሉ። በ1602 ለንደን ውስጥ መታየቱ የተመዘገበው የሼክስፒር «አሥራ ሁለተኛው ሌሊት» ክራቸውን በአጥንት ስለሚሠሩ ልጃገረዶች ስለሚያነሣ፣ ቢያንስ በዚያን ጊዜ አጥንት የሚለው ቃል ክር ከሚያመላልሰው መሣሪያ ጋር ይያያዝ እንደነበር እንረዳለን። በዚህ ሁሉ ውስጥ ግን ስለ ዶቃ አንድም ቃል የለም። ቬርሜር በ1669 ወይም በ1670 ገደማ ሥሎ ዛሬ በሉቭር የሚገኘውን የዳንቴል ሠሪዋን ሥዕል ስንመለከትም፣ ልጅቱ በጣቶቿ የያዘቻቸው ቦቢኖች ባዶ ናቸው። በአውሮፓ አህጉር የተለመደው ቦቢን ከታች እንደ ሽንኩርት አበጥ ያለ ነው፤ ክሩን የሚያወጥረው ክብደት ከእንጨቱ ከራሱ ይመጣል፣ የሚጨመርለት ነገር አያስፈልገውም። በሚድላንድስም ቢሆን ዶቃ የሌለው «ቦብቴል» የተባለ ጭራ አልባ ዓይነት ነበር። የዶቃውን ቀለበት ስደተኞቹ ከፍላንደርስ ይዘውት መጡ የሚለውን አሳብ የማንቀበለው በእነዚህ ምክንያቶች ነው። ከባሕር ማዶ የመጣ ልማድ ቢሆን ኖሮ በመጣበት አገር ፈለጉን እናገኘው ነበር።

እንግዲህ በእንግሊዝ ምድር የተወለደ ልማድ ከሆነ፣ ምን ወለደው? ከሁሉ የሚዘወተረው መልስ ክብደት ነው። የሚድላንድስ ቀራጮች ቦቢኑን ከአህጉሩ ይልቅ እያቀጠኑ፣ የታችኛውንም እብጠት እያስወገዱ ቀጥ ያለ በትር አደረጉት። ለዚህም በቂ ምክንያት ነበራቸው፤ «የቡኪንግሃምሺር ፖይንት» የሚባለው ዳንቴል እጅግ በቀጠነ ክር፣ እጅግ በበዛ ቦቢን ይሠራልና፣ በአንድ ትራስ ላይ ብዙ ለመደርደር መሣሪያው መቅጠን ነበረበት። ቦቢኑ ሲቀጥን ግን ክሩን የሚያወጥረው ክብደት ቀነሰ፤ ዶቃው የጎደለውን ተካ። ክርክሩ ይህ ነው፤ እስከዚህ ድረስም ጤናማ ነው። እንዝርት የሚያውቅ አንባቢ ከታች የሚጨመር ጥቂት ክብደት ለክር ሥራ ምን ያህል እንደሚፈይድ አይጠፋውም።

ሆኖም ክብደት ብቻውን ሁሉን አያስረዳም። ክብደት ብቻ ቢፈለግ ኖሮ እንጨቱን ማወፈር ይቀል ነበር፤ በደቡብ ቡኪንግሃምሺር ያደረጉትም ይህንኑ ነው፣ በዚያ ወፈር ያለና ዶቃ የሌለው ቦቢን እስከ መጨረሻው በሥራ ላይ ቆይቷል። ወይም የእርሳስና የቆርቆሮ ቅልቅል በቂ ነበር፤ ወፍራሙን ክር የሚይዙት «ትሮሊ» የተባሉት ቦቢኖች በእርግጥ የዚህ ብረት ቀለበቶች ተሰክተውባቸዋል። ስለዚህ ሁለተኛውን ምክንያት፣ መንከባለልን፣ ማንሣት ይገባል። የሚድላንድስ ትራስ ወደ መካከሉ ጉብ ያለ፣ «ፈረስ» በሚሉት የእንጨት ማቆሚያ ላይ አዘንብሎ የሚቀመጥ ነበር፤ ቦቢኖቹም በላዩ ይዘረጋሉ። ክብና ቀጥ ያለ በትር በተዳፋት ላይ ሲቀመጥ ይንከባለላል፤ ሲንከባለልም የጠመዘዘችውን ክር ይፈታል፣ ከጎረቤቱም ጋር ያጠላልፋል። የዶቃው ቀለበት ግን ጠፍጣፋ ሆኖ ትራሱ ላይ ስለሚያርፍ ቦቢኑን በቦታው ይይዘዋል። አንዱን ዶቃ ሳይሆን ቀለበቱን፣ ማለትም ቅርጹን፣ የሚያስረዳው ይህኛው ምክንያት ነው።

ክርክሩን የሚያጸናልን ከሌላ የእንግሊዝ ክፍል የሚመጣ ማስረጃ ነው። በዴቨን በሆኒተን አካባቢ የሚሠራው ዳንቴል በአበባና በቅጠል ተቆራርጦ ተሠርቶ በኋላ የሚገጣጠም ነው፤ ክፍሎቹ ሲያያዙ ቦቢኑ ራሱ በጠባብ የክር ቀለበት ውስጥ እያለፈ ይወጣል። ስለዚህ የሆኒተን ቦቢን ልሙጥና ጫፉ ሹል ነው፣ ዶቃም ፈጽሞ የለውም፤ ዶቃ ቢኖረው በየማለፊያው ይያዝ ነበርና። የሚድላንድስ ፖይንት በአንጻሩ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እንደ ጥብጣብ ሳይቋረጥ የሚረዝም ስለሆነ ቦቢኑ በምንም ቀዳዳ ማለፍ አያስፈልገውም። ሁለቱም እንግሊዛውያን ናቸው፣ ሁለቱም ድሆች፣ ሁለቱም ጌጥ ወዳድ፤ የለያቸው የሥራው ዘዴ ነው። በዚህ ነጥብ ላይ ጽኑ ነን፦ ዶቃው እንዲንጠለጠል የፈቀደው ውበት ሳይሆን የሥራው ዓይነት ነው። መፍቀድና ማዘዝ ግን አንድ አይደሉም፤ ሥራው የፈቀደውን ቦታ በምን እንደሚሞሉት የወሰኑት ሴቶቹ ናቸው።

ሦስተኛው ምክንያት፣ ዶቃው ቦቢኖችን ለመለየት ይረዳል የሚለው፣ በከፊል ብቻ የምንቀበለው ነው። ጥንዱን አንድ ዓይነት ዶቃ ማልበስ የተለመደ ነበር፤ የተለየ ክር የያዘውንም በተለየ ቀለም ማወቅ ይቻላል። ነገር ግን የመደቡ መረብ ሲሠራ እያንዳንዱ ቦቢን ከቦታ ቦታ ስለሚዘዋወር፣ ልምድ ያላት ሠሪ የምትከተለው ዶቃውን ሳይሆን የክሩን ሥፍራ ነው። መለየት የልማዱ ትሩፋት እንጂ መንሥኤው አይመስለንም።

የቀለበቱን አሠራር ደግሞ ጠጋ ብለን እንየው። ዘጠኝ ዶቃዎች ሲሆኑ፣ ከቦቢኑ ቀዳዳ ግራና ቀኝ አንድ አንድ ትንሽ ዶቃ ይሰካል፤ ከዚያ በየጎኑ ሦስት ሦስት «ስኩዌር ከት» የሚባሉ አራት ማዕዘን ዶቃዎች ይከተላሉ፤ ከሥር በመካከል ትልቁና የተመረጠው ዶቃ ይቀመጣል። የሽቦው ጫፎች ወደ ዶቃዎቹ ቀዳዳ ተመልሰው ይደበቃሉ፣ ጫፉ ከወጣ ክር ይቆርጣልና። አራት ማዕዘኖቹ ዶቃዎች የሚድላንድስ መለያ ናቸው ማለት ይቻላል። ብርጭቆው ለስላሳ ሳለ በአራቱም ጎን በሞረድ ተጨቁኖ የተሠራ ስለሆነ የሞረዱ ጥርስ በገጹ ላይ ታትሞ ቀርቷል፤ ይህም ሸካራነት ትራሱን ይበልጥ እንዲይዝ ያደርገዋል። አብዛኞቹ ቀይ ወይም ቀለም አልባ ናቸው። የታችኛው ዶቃ ግን ከሩቅ የመጣ ሊሆን ይችላል፤ ከቬኒስና ከቦሄሚያ ምድጃዎች የወጣ ዶቃ በዚያን ዘመን ዓለምን የዞረ ሸቀጥ ነበር። ከቬኒስ የወጣው በቀይ ባሕር በኩል ወደ አገራችን ገበያ ይዘልቅ እንደነበረው ሁሉ፣ በሻጭ ጓዝ ወደ ኦልኒና ወደ ኒውፖርት ፓግኔል ጎጆዎችም ገብቷል።

ከእነዚህ ዶቃዎች አንዱ «የኪቲ ፊሸር ዓይን» ይባላል። በላዩ ሰማያዊና ቀይ ነጥቦች ያሉት ሲሆን፣ ሰማያዊው ዓይኗን፣ ቀዩ ከንፈሯን ያስታውሳል ይባላል፤ ኪቲ ፊሸር ሰር ጆሹዋ ሬይኖልድስ ደጋግሞ የሣላት የለንደን ዝነኛ ሴት ነበረች፣ በ1767ም ሞታለች። ከዚህ ተነሥቶ ዶቃውን፣ በዶቃውም ቦቢኑን፣ የ1760ዎቹ ነው ማለት በሰብሳቢዎች ዘንድ የተለመደ ፈተና ነው። ስሙ ግን የሚመሰክረው ስለ ስሙ ብቻ ነው፤ ነጥብ ያለበት ዶቃ ከሴትየዋ በፊትም ከእርሷም በኋላ ሊሠራ ይችላል፤ የዝነኛ ሰው ስም ደግሞ ባለቤቱ ካለፈ በኋላ ለብዙ ትውልድ ይሠራል። ዘመን መቁጠሪያ አድርገን አንወስደውም።

በኑሮ በኩል ያለውን ማስረጃ ስንመዝን ከሁሉ የሚያስደንቀን በእንዲህ ያለ ድህነት ውስጥ ይህን ያህል ዶቃ መገኘቱ ነው። ከ1768 እስከ 1786 በኦልኒ የኖረው ባለቅኔ ዊልያም ኩፐር በ1780 በጻፈው ደብዳቤ በዚያች ምስኪን ከተማ ቁጥራቸው ወደ 1,200 የሚጠጋ ዳንቴል ሠሪዎች እንዳሉና በመቶ የሚቆጠሩት ለረሃብ እንደተቃረቡ ይገልጻል። ደብዳቤው የአቤቱታ ደብዳቤ ስለሆነ ቁጥሩ ለመማለጃ መቅረቡን አንዘነጋም፤ ጸሐፊው ግን ጎረቤታቸው ነበር፣ ድህነታቸውንም በዓይኑ አይቷል። በ1779 የወጣው ሕግ ደግሞ ገዢዎች ለዳንቴል ሠሪዎች ከገንዘብ ይልቅ ዕቃ መክፈላቸውን ለመከልከል የታሰበ ነበር፤ የተከለከለው ነገር መኖሩን የሚያረጋግጥልን ሕጉ ራሱ ነው። ሕፃናት ከአምስት ዓመታቸው ጀምሮ በዳንቴል ትምህርት ቤት ይቀመጡ ነበር፤ በክረምት ምሽት በርከት ያሉ ሴቶች አንዲት ሻማ ከበው፣ ብርሃኗን ውኃ በሞሉ የብርጭቆ ብልቃጦች እያጎሉ ይሠሩ ነበር።

ይህች ሴት የሠራችው ዳንቴል ከእጇ ወጥቶ የባለጠጋ አንገትና ክንድ ያስጌጣል፤ እርሷ ዘንድ የሚቀረው ትራሱና ቦቢኖቹ ናቸው። ስለዚህ ከቀለበቱ መካከል የልብስ ቁልፍ፣ ዛጎል፣ የተበሳ ሳንቲም ስናገኝ አንደነቅም፤ ሥራው የሚጠይቀው ክብደትን ነው፣ የክብደቱን ዓይነት ግን አይጠይቅም። በዚህች ክፍት ቦታ የምትወደውን አስቀመጠች። ራይት የእያንዳንዱ ዶቃ ታሪክ በባለቤቷ አፍ ይነገር እንደነበር ሲጽፉ፣ ዝርዝሩን ብንጠራጠርም ነገሩን በጠቅላላው እናምናቸዋለን፣ ዕቃው ይደግፋቸዋልና።

የ19ኛው ክፍለ ዘመን ቦቢን ደግሞ በዶቃው ላይ ፊደል ጨመረ። በኖርዝሃምፕተንሺር የዲንስሃንገሩ ጄሲ ኮምፕተን፣ በቤድፎርድሺር «ቦቢን ብራውን» ተብሎ የታወቀው የክራንፊልዱ ቀራጭ፣ በቤድፎርድ ከተማም አርኪባልድ አቦት በአጥንቱ ላይ ጥቃቅን ነጥቦች እየበሱ፣ ነጥቦቹንም በቀይና በሰማያዊ ቀለም እየሞሉ የሰው ስም፣ የፍቅር ቃል፣ የልደትና የሞት ቀን ጽፈዋል። ከእነዚህ ሁሉ የሚሰቀጥጠው የስቅላት መታሰቢያ ነው። ሚስቱን በሉተን የገደለው ጆሴፍ ካስል በ1860 በቤድፎርድ ሲሰቀል፣ ዊልያም ቡልም እንዲሁ በ1871 ሲሰቀል፣ ስማቸውና ዓመቱ በቦቢን ተጽፏል። እነዚህ ቦቢኖች ስቅላቱን ለማየት ለተሰበሰበው ሕዝብ እንደ ማስታወሻ ይሸጡ ነበር ይባላል። ለካስል ይህ ሊሆን ይችላል፤ በእንግሊዝ በአደባባይ መስቀል በ1868 በሕግ ስለ ተከለከለ ግን፣ ቡል የተሰቀለው በወኅኒው ቅጥር ውስጥ ነበርና በዙሪያው የሚገዛ ሕዝብ አልነበረም። ስለዚህ ቢያንስ የ1871ዱ ቦቢን ለተመልካች ሳይሆን በመንደር ወሬውን ለምትከታተል ሠሪ የተዘጋጀ ነው ብለን እንደመድማለን። በትራስዋ ላይ የራስዋን ሕፃን ስምና የነፍሰ ገዳዩን ስም ጎን ለጎን አስቀምጣ ቀኑን ሙሉ ትነካካቸው ነበር፤ ሁለቱም ከጫፋቸው ዶቃ ተንጠልጥሎላቸው።

እዚህ ላይ ነው ጥናታችን ጥብቅ መሆን ያለበት። ቦቢኑ ላይ የተጻፈው ዓመት የሚናገረው ስለ አጥንቱ ነው፤ ስለ ዶቃው አይናገርም። ሽቦ ይበላል፣ ይሰበራል፣ ዶቃም ይወድቃል፤ ሠሪዋ ከሌላ ቦቢን የተረፈውን ትተካለች፤ እናት ለልጇ ስታወርስ ቀለበቱ እንደገና ይሰካል። ከዚህ የከፋው ግን ከሥራው መጥፋት በኋላ የመጣው ነው።

ሥራውን ያጠፋው በዝግታ የመጣ ነገር ነበር። ጆን ሂዝኮት በ1808 እና በ1809 በፈቃድ ያስመዘገባቸው መኪናዎች የዳንቴሉን መደብ በፋብሪካ መሥራት አስቻሉ፤ ጆን ሌቨርስ በ1813 አሻሻለው፤ የናፖሊዮን ጦርነት በ1815 ሲያበቃ የፈረንሳይ ዳንቴል ተመልሶ ገበያውን አጥለቀለቀው። የእጅ ሠሪዎቹ ግን ወዲያው አልተሸነፉም፤ በ1851 ቆጠራ በቡኪንግሃምሺር ብቻ ከ10,000 በላይ ዳንቴል ሠሪዎች ተመዝግበዋል። ከዚያው ዓመት የለንደን ታላቅ ኤግዚቢሽን በኋላ ቤድፎርድሺር የማልታን አሠራር በመከተል ወፈር ያለና ፈጥኖ የሚሠራ ዳንቴል ያዘች፤ የቤድፎርዱ ቶማስ ሌስተር ንድፎችም ክብር አስገኙላት። መኪናው ግን ያንንም ተማረ። የ1867ቱ የአነስተኛ ሥራ ቦታዎች ሕግ፣ ቀጥሎም የ1870 እና የ1880 የትምህርት ሕጎች ሕፃናቱን ከዳንቴል ትምህርት ቤት ወደ ንባብ ትምህርት ቤት አዛወሯቸው። ይህ ለልጆቹ ደግ ነገር ነበር፤ ለጥበቡ ግን የተተኪ ማጣት ነበር።

የሚድላንድ ዳንቴል ማኅበር በ1891፣ የሰሜን ቡኪንግሃምሺር ዳንቴል ማኅበር በ1897 ሥራውን ለማዳን ተቋቋሙ፤ በኦልኒም ሃሪ አርምስትሮንግ በ1906 የጎጆ ሠራተኞችን ምርት የሚሸጥ ድርጅት ከፍቶ በ1928 እስከ ዛሬ የቆመውን ሕንፃ አሠራ። በዚያው ዘመን ግን ቦቢኖቹ ከትራስ ወደ ሰብሳቢዎች መሳቢያ እየተሻገሩ ነበር። ሰብሳቢ የተሟላ ቀለበት ይወዳል፤ ነጋዴም ለሰብሳቢ የሚስማማውን ያዘጋጃል። የጎደለው ተሞላ፤ የማያምረው ዶቃ ወጥቶ የሚያምረው ገባ፤ ቀለበት የሌለው ቦብቴልም አንዳንድ ጊዜ ተበስቶ ዶቃ ተንጠለጠለለት። በ1976 የብሪታንያ የዳንቴል ማኅበር «ሌስ ጊልድ» ከተመሠረተ ወዲህ ሥራው በብዙ አገሮች በትርፍ ጊዜ ሠሪዎች እጅ እንደ ገና ሲያብብም፣ አሮጌ ቦቢኖች ለአገልግሎት ተብሎ አዲስ ሽቦ ለብሰዋል። የተጠቃሚዎቹ ፍቅር ቅን ነው፤ ለታሪክ ግን ያስከተለው ጉዳት እውነተኛ ነው።

ስለዚህ በዚህ ጥናት የደረስንበትን ፍርድ ስናስቀምጥ የማስረጃውን ልክ አናልፍም። የዶቃው ቀለበት ከፍላንደርስ ስደተኞች ጋር አልመጣም፤ ከንግሥት ካትሪንም ጋር የሚያገናኘው የለም። የሚድላንድስ ቦቢን ሲቀጥንና ሲቃና፣ ሥራውም ቦቢኑን በቀዳዳ ማሳለፍ የማይጠይቅ ስለነበረ፣ መንከባለልን ለመከልከልና ክሩን ለማወጠር በዚያው አገር የተፈጠረ ብልኀት ነው። አጥንቱና ሽቦው በዘመን አብረው መሆናቸው ካልተረጋገጠ በቀር ከዶቃው ተነሥተን የቦቢኑን ዘመን፣ ከቦቢኑም ተነሥተን የዶቃውን ዘመን አንወስንም።

ስለዚህ ከአያት የወረሰ፣ ከገበያ የገዛ ወይም ቤተ መዘክር የሚያስተዳድር ሁሉ አንድ ነገር እንለምነዋለን። አሮጌውና የጠቆረው ሽቦ ቢያስቀይምም አይቁረጠው፤ ዶቃውንም አያጽዳው፣ የጎደለውንም አይሙላው። መቁረጥ ግድ ከሆነም አስቀድሞ ፎቶግራፍ ያንሣው፣ የዶቃዎቹን ተራ በጽሑፍ ያስፍር፣ የወጣውንም ሽቦ በትንሽ ፖስታ አድርጎ ከቦቢኑ ጋር ያኑረው።